ቋንጃ ቆራጩ እንግሊዝኛ

የስልጠና አዳራሽ ከምሳ በኋላ ምን እንደሚመስል አበል በልቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ ፕሮጀክተሩ እንዲታይ መብራቱ ጠፍቷል፣ ጥብሱ ሆድ ውስጥ ሥራ ጀምሯል፣ የኋላ ወንበር የያዙት አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለዋል። ይሄኔ አሰልጣኙ እጁን አጨብጭቦ «ኢነርጃይዘር!» ይላል። አለቃና ምንዝር እኩል ይነሳል፣ ይዘላል፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ትከሻ ይመታል። እስከዚህ ደህና ነው። ጣጣው የሚመጣው በመዝጊያው ላይ የክብር እንግዳው ማይኩን ይዘው «ዚስ ትሬኒንግ ሃዝ ኤነርቬትድ አስ ኦል» ሲሉ ነው።

«አነቃቃን፣ ኢነርጂ ሰጠን» ማለታቸው ነበር። ከአፋቸው የወጣው ግን «አዛለን፣ አልፈሰፈሰን፣ አቅም አሳጣን» ነው። ቃሉን የማያውቀው ያጨበጭባል፤ የሚያውቀው እጁን አንስቶ አየር ላይ ያቆመዋል። (የ8 ሰዓት ተኩሉን ሁኔታ ለሚያስታውስ ግን፣ እንግዳው ሳያስቡት የቀኑን እውነተኛ ግምገማ ሰጥተዋል።)

ሁለቱን ቃላት፣ ኢነርጂንና ኤነርቬትን (enervate)፣ ከድምፃቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ኢነርጂ ሥሩ ግሪክ ነው፤ «ሥራ» ከሚለው ቃል የመጣ። ኤነርቬት ደግሞ የላቲን ልጅ ነው። ፊት ያለችው «ኤ» ማውጣትን ታሳያለች፤ «ነርቩስ» ደግሞ ሐኪሞች ለዛሬው ነርቭ ሳይወርሱት በፊት ጅማት ማለት ነበር፣ የቀስት ገመድም ጭምር። ስለዚህ ነገሩ ጅማት ማውጣት ነው። የእኛም ሰው አቅም ያሳጡትን «ቋንጃውን ቆረጡት» ይላል፤ ሮማና ጎጃም ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ቢላ አሳርፈዋል።

በፈረንሳይ ይሄ ምሳሌ አይደለም። የዡሚዬዥ ገዳም አፈ ታሪክ እንደሚለው፣ የንጉሥ ክሎቪስ ዳግማዊ ልጆች በአባታቸው ላይ ስላመፁ የእግራቸው ጅማት እንዲቃጠል ተፈረደባቸው። ከዚያም በሴን ወንዝ ላይ በጀልባ ተለቀቁና ውሃው ገዳሙ ደጅ አደረሳቸው። ፈረንሳዮች እነዚህን ልዑላን «ኤነርቬዎቹ» ይሏቸዋል። ጉዱ ግን ቃሉ በኋላ እዚያው አገር ተገለበጠ፤ ዛሬ አንድ ፈረንሳዊ «ኤነርቬ ነኝ» ቢልህ ደሙ ፈልቷል ማለት ነውና ዞር በልለት።

እንግዲህ ወደ አዳራሹ እንመለስ። ፊት ወንበር ላይ የፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት ሊሴ ገብረማርያም የተማሩ እመቤት አሉ እንበል፤ እሳቸው የሰሙት «ስልጠናው ሁላችንንም አናደደን» ነው። ከጎናቸው ሐኪም ተቀምጧል። እሱ ደግሞ የአናቶሚ ትምህርቱ ትዝ ይለዋል፤ እዚያ በ«ኢ» የሚጀምር መንትያ ቃል አለ፣ ኢነርቬት፣ ትርጉሙም ለአካል ክፍል ነርቭ ማድረስ። ዲያፍራምን (የመተንፈሻውን ጡንቻ) ፍሬኒክ ነርቭ ኢነርቬት ያደርገዋል፣ መነሻውም ከአንገት 3ኛ፣ 4ኛና 5ኛ ነርቮች ነው እየተባለ ተሸምድዷል። አንዱ ነርቭ ይሰጣል፣ አንዱ ጅማት ይነሳል፣ በመካከላቸው ያለችው አንዲት አናባቢ ናት፤ እሷንም የእኛ አፍ ሲቸኩል ይውጣታል። በአንድ ዓረፍተ ነገር አራት ሰው አራት ነገር ሰምቶ፣ አራቱም በአንድነት ለሻይ ይወጣሉ።

ቃሉን መጠቀም ግድ ከሆነ ልኩ ይህ ነው። አድራጊው ቀስ ብሎ የሚሠራ ነገር ይሁን፦ የጎዴ ወይም የጅቡቲ ሙቀት፣ የቆየ ሕመም፣ ሥራ የፈታ ድሎት። ተደራጊው ሰው፣ የሰው ወኔ ወይም አንድ ሕዝብ ይሆናል። የድልድይ ምሰሶ ኤነርቬት አይሆንም፤ «ዊክን» ይበቃዋል። የቀጠነ ወጥም አይሆንም፣ እሱ «ዳይሉት» ነው። ፈተና ፊት ጉልበቱ የተብረከረከ ተማሪ «አንነርቭድ» ይባላል፣ የፈራ እንጂ የዛለ አይደለምና። ለጀማሪ የሚያዋጣው «ኤነርቬቲንግ ሂት» ነው፤ ሙቀቱን ማንም አይከራከርለትም።

ከመድረክ ይልቅ የሚያስፈራው ሲቪ ላይ ሲገባ ነው። «አይ ኤነርቬት ማይ ቲም» ብሎ የጻፈ ሥራ ፈላጊ ኮምፒዩተሩ ቀይ መስመር አያሰምርበትም፤ የፊደል ስህተት የለበትማ! «ባልደረቦቼን አቅም አሳጣለሁ» ብሎ በገዛ እጁ ፈርሞ ይልካል። ቀጣሪውም የቃሉ ነገር እንደ አመልካቹ ከሆነ፣ ልጁ ይቀጠራል፤ ምናልባት ቃሉንም ይጠብቃል።

የክብር እንግዳውን ማረም ይቻላል፣ ግን ጊዜ አለው። ማይክ ይዘው ሳሉ አይሆንም፤ በሻይ ሰዓት ሰው ከቧቸው ሳለም አይሆንም። የአበሉ ሰነድ ተፈርሞ ገንዘቡ እጅ ከገባ በኋላ፣ መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ያቺ ቃል…» ማለት ነው። ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን ይሄን ሁሉ አልጠበቀም፤ ገና ድሮ «ተሳታፊዎች ከፍተኛ መነቃቃት አሳይተዋል» ብሎ ጽፎ ጨርሷል።