የፑሆልስ አምባር

ነገሩን የጀመረው ቴሌቪዥኑ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። አራት ሆነን አንድ ትሪ ከበናል። ግድግዳው ላይ የኤንጅልስ ቤዝቦል ቡድን ጨዋታ ይታያል፤ ድምፁ ተዘግቷል። ማንም ልብ አላለውም ነበር። የሒሳብ ሠራተኛው ወዳጃችን አንገቱን ቀና አድርጎ «ይኼ ቡድን እኮ በአንድ ሰው ነው ጉድ የሆነው» አለ።

«በማን?» አለው ጋሼ፣ ጉርሻውን እንደያዘ።

«በፑሆልስ ነዋ! 240 ሚሊዮን ዶላር ለሽማግሌ! የእኛ ሰው ምን ይላል፣ ጋሼ? ሲያረጁ አምባር ይዋጁ።»

በዚህችው ተረት ጀመረ፣ በዚህችው ጨረሰ። ምሳው እስኪያልቅ ሰባት ጊዜ ብሏታል፤ ቆጥሬለታለሁ። ሌላ ተረት የሚያውቅም አይመስለኝም።

ቤዝቦል ለማይከታተል አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። አልበርት ፑሆልስ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወልዶ በጉርምስናው አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ከ2001 እስከ 2011 ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ተጫወተ። በእነዚያ 11 ዓመታት 445 ሆምረን መታ። ሆምረን ማለት ኳሷን በዱላ መትቶ ከአጥር ማዶ መስደድ ነው። ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ ሁለት ጊዜ ዋንጫ በላ። የመምታት አማካዩ 328 ነበር፤ ከ1000 ሙከራ 328ቱ ተሳክቶለታል ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ ከአሥር ሦስት የሚመታ ጀግና ነው። ትምህርት ቤት ቢሆን ክፍል ይደግም ነበር።

በ2011 መጨረሻ፣ 32 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ ከኤንጅልስ ጋር ፈረመ። አሥር ዓመት፣ 240 ሚሊዮን ዶላር። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። አማካዩ ወደ 256 ወረደ። ቡድኑም በእነዚያ ዓመታት ፕሌይኦፍ ወደሚባለው የዋንጫ ፍልሚያ የገባው አንዴ ብቻ፣ በ2014 ነው፤ እሱንም በካንሳስ ሲቲ ሦስት ለዜሮ ተጠርጎ ወጣ። ግንቦት 2021 ላይ፣ ኮንትራቱ ሳያልቅ፣ አሰናበቱት። ያኔ አማካዩ 200 እንኳ አይሞላም ነበር።

ይኼን ሁሉ እኔም አልክድም። የሒሳብ ሠራተኛው ግን እኔ የካድኩ ይመስል በጣቱ ጠረጴዛውን እየደበደበ ነገረኝ።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። ይኼ ሰው ስልኩን ካወጣ የሰው ስሜት አለቀ ማለት ነው። «ለኤንጅልስ 222 ሆምረን መታ። 240 ሚሊዮን ለ222 ስታካፍለው...» ጣቱ ተንጣጣ፣ «አንዱ ሆምረን ከአንድ ሚሊዮን ሰማንያ ሺህ ዶላር በላይ! ለአንድ ኳስ! ቁጥር አይዋሽም። ሲያረጁ አምባር ይዋጁ!»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። «ስልክህን አትመልሰው» አልኩት። «2001 ላይ ስንት ይከፈለው ነበር?»

አያውቅም። የተጫዋች ሒሳብ ከመጨረሻው ገጽ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያውን ከየት ያውቃል?

«200,000 ዶላር ነበር። የሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ። በዚያ ዓመት 37 ሆምረን መታ። አሁን አካፍል።»

አካፈለ። አምስት ሺህ አራት መቶ ምናምን ዶላር መጣለት። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

እኔ የምለው ይኼን ነው። አምባሩ ሲያረጅ ተገዛ፤ እሺ። ክንዱ ወፍራም በነበረ ጊዜ እንዳይገዛ የከለከለው ማን ነው? የቤዝቦል ሕግ እንዲህ ነው፦ ወጣት ተጫዋች ስድስት የአገልግሎት ዓመት ሳይሞላው በነፃነት ወጥቶ ለፈለገው ቡድን መሸጥ አይችልም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ የቡድኑ ባለቤት የሰጠውን ይቀበላል። ከዚያ በኋላ እስከ ስድስተኛው ዓመት ድረስ ስለ ደመወዙ በገላጋይ ዳኛ ፊት ይከራከራል። ፑሆልስ በ2004 የሰባት ዓመት ኮንትራት ፈረመ፤ 100 ሚሊዮን ዶላር። ትልቅ ገንዘብ ነው፣ የእኔ ቢሆን በወደድኩ። ሦስቱን የኮከብነት ሽልማቶች፣ በ2005፣ በ2008 እና በ2009፣ ያገኘው ግን በዚያ ዋጋ ነው። ካርዲናልስ ምርጡን ሰው በቅናሽ ይዘው ከረሙ። ያኔ «ይኼ ልጅ ተበደለ» ብሎ ስልኩን ያወጣ የሒሳብ ሠራተኛ አልሰማሁም።

ነርሷ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ሽሮዋን ትበላ ነበር። «እግሩን አሞት አልነበር እንዴ?» አለች። ልክ ናት። በ2013 ከእግሩ መዳፍ ሥር ያለው ጅማት ታሞ ነበር። እያነከሰ ተጫወተ፤ ሐምሌ ላይ ጅማቱ ተቀደደና በ99 ጨዋታ ዓመቱ አለቀበት። «እኛ ሆስፒታል ግማሹ ሠራተኛ ይኼ በሽታ አለበት» አለች። «ጠዋት የመጀመሪያዋን እርምጃ ስትረግጪ ምስማር ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ ስውል እኔን ማን በሆምረን ይቆጥርልኛል?»

«እሱማ ኮንትራቱ ዋስትና አለው!» አለ የሒሳብ ሠራተኛው፣ አዲስ በር ያገኘ መስሎት። «ቢታመምም ይከፈለዋል፣ ቢቀመጥም ይከፈለዋል። ደግሞ አከፋፈሉን እዩት፦ በመጀመሪያው ዓመት 12 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 16፣ በሦስተኛው 23፣ ከዚያ በየዓመቱ አንዳንድ ሚሊዮን እየተጨመረ በመጨረሻው 30! ሰውየው እየወረደ ደመወዙ ይወጣል! ሲያረጁ አምባር...»

«...ይዋጁ» አልንለት በአንድ ድምፅ። አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች።

እውነቱን ለመናገር ያ አከፋፈል ያስቃል። ግን ማን ጻፈው? ፑሆልስ ኤንጅልስ ቢሮ ድረስ ሽጉጥ ይዞ ሄዶ ነው? ባለቤቱ ራሱ ነው ክፍያውን ወደ ኋላ የገፋው፤ ዛሬ ትንሽ ልክፈልና የነገውን ነገ ያውቃል ብሎ። ነገ ሲመጣ ታዲያ ዕዳው የሽማግሌው ጥፋት ተባለ።

ጋሼ ስለ ትኬት አነሳ። ኤንጅልስ እስከ 2019 ድረስ በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ትኬት ይሸጡ ነበር፤ ሰው የሚመጣው ማንን ሊያይ ነው አለ። የሒሳብ ሠራተኛው «እሱ ሳይመጣም ይሸጡ ነበር» ብሎ መለሰ። ይቺ እንኳ እውነት ናት። ቶሎ ብዬ አለፍኳት።

እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። በ2012 ፑሆልስ 12 ሚሊዮን ሲከፈለው፣ እዚያው ቡድን ውስጥ ማይክ ትራውት የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ነበር። 30 ሆምረን መታ፤ 49 ቤዝ ሰረቀ፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ቀጣዩን ማረፊያ ያዘ፤ አማካዩ 326። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ደመወዙ ግን ዝቅተኛው እርከን ላይ፣ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛው በልጁ በኩል ሊከራከር ሞከረ፦ «አየህ፣ ለሽማግሌው የሚባክነው ለልጁ ቢሰጥ ኖሮ!» አሳቀኝ። ለልጁ እንዳይሰጥ የያዘው ፑሆልስ ነው ወይስ ሕጉ? ትራውትም ቆይቶ በ2019 ትልቁን ፈረመ፤ እስከ 2030 የሚዘልቅ፣ 426 ሚሊዮን ተኩል ዶላር። ከዚያ መጎዳት ጀመረ። በ2021 የተጫወተው 36 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በ2024 ደግሞ 29። ዛሬ ስለ እሱም ያችኑ ተረት ያወሩበታል። በ20 ዓመቱ አምባር ከለከሉት፤ ዛሬ «ይኼን ሁሉ ወርቅ ለምን አደረገ» ይሉታል።

«ለመሆኑ» አለ ጋሼ፣ «2022 ላይ ምን ሆነ? እሱንም አስላልን እንጂ።»

ጋሼ ይኼን ሲጠይቅ ፊቱ በራ። ያን ዓመት ፑሆልስ 42 ዓመቱ ነበር። ወደ ካርዲናልስ ተመለሰ፤ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር። ሁሉም የስንብት ሽርሽር ነው ብሎት ነበር። 24 ሆምረን መታ። መስከረም 23 ቀን፣ እዚሁ ዶጀር ስታዲየም፣ በአንድ ሌሊት 699ኛውንና 700ኛውን መታ። እዚያ የደረሱት ከእሱ በፊት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ቦንድስ፣ አሮንና ቤብ ሩት። የዶጀርስ ደጋፊ የተጋጣሚውን ሰው ቆሞ አጨበጨበለት። ጋሼ ያን ሌሊት በትርፍ ሥራው ስታዲየሙ አጠገብ መኪና ያቆም ነበር። «አላየሁም» አለ፣ «ጩኸቱን ግን ሰማሁት። መሬቱ ነው የተንቀጠቀጠው። ቁልፉን የያዝኩለት ሰውዬ መኪናውን ትቶ ወደ ኋላ ሮጠ።»

የሒሳብ ሠራተኛው አፉን ጠረገና «ያ የካርዲናልስ ሒሳብ ነው፤ ኤንጅልስን አይመለከትም» አለ። ምን ትለዋለህ? ከጥር እስከ ጥር ብቻ የሚያስብ ጭንቅላት ነው።

ሒሳብ መጣ፤ የምሳው ማለቴ ነው። ወዳጃችን ስልኩን እንደገና አነሳና ማን ምን እንደበላ ሊያሰላ ጀመረ። አንድ ትሪ ላይ! «ክትፎውን እኔ ብዙ አልነካሁም» ሲል ነርሷ ቦርሳዋን ከፈተች። ጋሼ ግን ቀድሞ ከፍሎ ነበር፤ መቼ እንደተነሳ እንኳ አላየነውም።

መንገድ ላይ ሳስበው የተናደድኩት በቤዝቦል አልነበረም። ይኼ ዘመን ሰውን የሚከፍለው ዘግይቶ ነው፤ ከፍሎ ደግሞ «ተበላሁ» ብሎ ይጮኻል። ሀገር ቤት ለሥራ ሲያመለክቱ «ልምድ አምጣ» ይባላል፤ ልምዱ ሲመጣ «ዕድሜህ ገፋ»። ዘፋኙ ድምፅ በነበረው ጊዜ ካሴቱ በየሱቁ ሲባዛ እሱ ሳንቲም አያገኝም። ሲታመም የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በየስልኩ ይዞራል፤ ያኔ ደግሞ «ገንዘቡን የት አደረሰው?» የሚል አይጠፋም። እዚህ አሜሪካም ብንመጣ ልዩነቱ ደረሰኝ መስጠታቸው ነው። ሁሉም ሰው አካፋይ ሆኗል። የሚያካፍለው ግን ሁልጊዜ የሰውየውን መጨረሻ ነው፤ ሰውየው አምስት ሺህ ዶላር ሲያወጣ የአንድ ሚሊዮን ሥራ የሠራበትን ዘመን አይነካውም።

ጋሼን እዩት። ኤርፖርት አጠገብ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ 27 ዓመት ሠራ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገብቶ፣ በዝናብ፣ በዚያ የአውሮፕላን ጭስ። ወጣት ሳለ የሦስት ሰው ሥራ ብቻውን ይሠራ ነበር፤ የሚከፈለው የአንድ ሰው ነው። ደመወዙ ሰው የሚያኖር የሆነው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ያኔ አለቃው፣ ከጋሼ ልጅ የሚያንስ፣ ጠራና «በአንተ ደመወዝ ሁለት ሰው መቅጠር እችላለሁ» አለው። ሰዓቱን ቀነሱበት፣ ቀነሱበት፣ ራሱ ወጣ። የወጣ ቀን ፒዛ አዘዙለት። የምስጋና ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳም ሰጡት።

ሰሌዳው አሁን ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ስሙን በአንድ ፊደል አሳስተው ነው የጻፉት። «አልነገርካቸውም?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ሊቆርጡኝ ነው እንዴ ደግሞ?» ብሎ ሳቀና ቻናሉን ወደ ቤዝቦል ቀየረ።