ሹመት እስከ ሻወር

ጽናት ብዙ ዓይነት ነው። ተራራ የሚወጣ አለ። በረሃ በእግሩ የሚያቋርጥ አለ። እኔ ዛሬ የማመሰግነው ጀግና ግን ሌላ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ይበራል። ፓስፖርቱን ያስመታል። ሻንጣውን ያነሳል። ጉምሩክን ያልፋል። ከዚያ መውጫው በር ሃያ እርምጃ ሲቀረው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሌላው ሰው ለመውጣት ይጋፋል። እሱ ላለመውጣት ከፍሏል።

ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚገባበት ቤት አራይቫልስ ላውንጅ ይባላል። የመድረሻ ላውንጅ እንበለው። የመነሻውን ላውንጅ ብዙ ሰው ያውቀዋል። በረራ እስኪጠራ ሶፋ ላይ የሚጋደሙበት፣ ሦስት ሳህን የሚያነሱበት ቤት ነው። ያ እንኳ ሰበብ አለው፤ አውሮፕላኑ ገና ነው። ከመድረሻው ላውንጅ ግን የሚነሳ አውሮፕላን የለም። የሚጠራ በረራ የለም። ምንም በማይጠበቅበት ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ቀላል ጥበብ መሰላችሁ?

ጥበቡን ያስተማረኝ ጓደኛዬ ነው። ለዓመታት እንደ ጉንዳን ያጠራቀመውን ማይል፣ ማለትም በመብረር የሚሰበሰበውን ነጥብ፣ በአንድ ጊዜ አፍስሶ ቢዝነስ ክላስ ቆረጠ። ልቀበለው ማለዳ ሄድኩ። ስም የተጻፈበት ወረቀት ከያዙ ሾፌሮችና አበባ ከያዙ ቤተሰቦች ጋር ተደርድሬ ቆምኩ። 12 ሰዓት ከሩብ ላይ «ወረድኩ» ብሎ ጻፈልኝ። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል «ሻንጣዬን ይዣለሁ» አለ። ደስ አለኝ፤ የመኪናዬን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ። ከዚያ ሦስተኛው መልእክት ገባ። «ላውንጅ ገብቻለሁ። ትንሽ ጠብቀኝ።»

ቁልፉን ወደ ኪሴ መለስኩት።

ቀጥሎ ፎቶ ላከ። የእንቁላል ፎቶ። ይህ ሰው እንቁላል ሲበላ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። አንድም ቀን ፎቶ አንስቶት አያውቅም። የላውንጅ እንቁላል ግን ከሌላ ዶሮ ነው መሰለኝ። ከሳህኑ አጠገብ ቦርዲንግ ፓሱ ተጋድሟል። የወንበር ቁጥሩ ወደ ካሜራው፣ «ቢዝነስ» የሚለው ቃል ደግሞ ከእንቁላሉ ቀድሞ እንዲታይ ሆኖ። ሁለተኛው ፎቶ የተጠቀለለ ነጭ ፎጣ ነበር። ከሥሩ «የሻወር ተራ እየጠበቅኩ ነው፤ ስድስተኛ ነኝ» ይላል።

ቤቱ ከዚያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ቤቱ ውስጥ ሻወር አለ። ፎጣ አለ። እንቁላልም አይጠፋም። የቤቱ ሻወር አንድ ከባድ ጉድለት ግን አለበት። ማንም ይገባበታል። በሩ ላይ ካርድ የምትጠይቅ ልጅ የለችም። «ይቅርታ፣ እርስዎ አይፈቀድልዎትም» ተብሎ የሚመለስ ሰው የለም። የሚመለስ ሰው ከሌለ ደግሞ ውሃው በምን ይሞቃል?

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካን ኤርላይንስ በኒውዮርክ ላጋርዲያ አየር ማረፊያ አድሚራልስ ክለብ የሚባል ላውንጅ ከፈተ። ያኔ የሚገባው የተጋበዘ ብቻ ነው። የሚጋበዘው ደግሞ አየር መንገዱ የወደደው። አድሚራል የባሕር ኃይል ሹም ነው። ልብ በሉ፤ ገና ከጅምሩ ሶፋው ከነማዕረጉ ነው የመጣው። በ1981 ይኸው አየር መንገድ በርሮ ነጥብ የሚሰበሰብበትን ፕሮግራም ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ሹመት በማይል ሆነ። ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም። ድሮ ማዕረግ የሚፈልግ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ዛሬ ደጅ ጥናቱ በአየር ላይ ነው፤ መቀመጫ ቀበቶም አለው።

የመድረሻው ላውንጅ ሲታሰብ ምክንያት ነበረው፤ አልዋሽም። ረጅሙ የሌሊት በረራ ንጋት 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ያርፋል። ሆቴሉ ክፍል የሚሰጠው ከሰዓት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። ስብሰባው ጠዋት 3 ሰዓት። ስለዚህ ሰውየው ይታጠብ፣ ሸሚዙ ይተኮስለት፣ ቁርሱን ይቅመስና ወደ ሥራው ይሂድ። አብዛኞቹ ማለዳ ተከፍተው ቀትር አለፍ ሲል የሚዘጉትም ለዚህ ነው። ግሩም ሐሳብ። ያኔ ግን ወንበር ወንበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ብሪቲሽ ኤርዌይስ የቢዝነስ ክላሱን ወንበር ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ አልጋ አደረገው። ሌሎቹም ቀስ በቀስ አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። አሁን መንገደኛው ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ትራስ ተንተርሶ፣ ዓይኑን ሸፍኖ ያድራል። ሲነጋ ቀስቅሰው ቁርስ ያቀርቡለታል። ከዚያ ይወርድና፣ ከመተኛቱ ለማረፍ፣ ላውንጅ ይገባል። ሁለተኛ ቁርስ ይበላል።

እዚያው አውሮፕላን ውስጥ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። ጉልበቱን ከፊት ወንበር ጋር ሲያጋጭ ያደረ ወጣት። ሕፃን ጭኗ ላይ ይዛ ዓይኗን ያልከደነች እናት። እግራቸው ያበጠ አዛውንት። ሲወጡ አየኋቸው። እናትየው ትከሻ ላይ የደረቀ ወተት ነበር። ሻወር የሚገባው ማን ነው ቢባል አንድ ተራ ሰው ወደ እሷ ይጠቁም ይሆናል። ተራ ሰው ይህን አይረዳም። አየር መንገዶች ግን አስልተውታል። ተኝቶ ላደረ ማረፊያ፣ ተቀምጦ ላደረ መውጫ። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ።

የላውንጁ በር ከቆምኩበት ትይዩ ስለነበር ሌላም ነገር ተማርኩ። ሕጉ ረቂቅ ነው። ለምሳሌ ስታር አሊያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት የወርቅ ደረጃ ያለው ሰው በኢኮኖሚ ቢበርም መነሻ ላውንጅ ይገባል። መድረሻ ላውንጅ ግን የዚያ መብት አካል አይደለም። ይህ በጽሑፍ አለ። ማንም አያነበውም። የሚነበበው በሩ ላይ ነው፣ ጮክ ተብሎ።

አንድ የተከበሩ ሰው ሲነበብላቸው ሰማሁ። ካርዶቻቸውን እንደ ካርታ ተጫዋች ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። የወርቁን፣ የብሩን፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር የባንክ ካርድ ጣሉ። ልጅቷ በትሕትና «ጌታዬ፣ ይህ ለመነሻ ላውንጅ ነው የሚያገለግለው» አለቻቸው።

«ታዲያ እኔ ሳልነሳ ነው የደረስኩት?» አሉ።

ልጅቷ መልስ አጣች። እኔም አጣሁ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ሳስበው አድሬ መልሱን አላገኘሁም። ሰውየው ቀጠሉ። ማን እንደሆኑ የጠየቃቸው ሳይኖር ማን እንደሆኑ ነገሯት። በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚበሩ ነገሯት። አለቃዋን ጠሩ፤ አለቃዋ መጣና ያንኑ ሕግ በወፍራም ድምፅ ደገመላቸው። አርባ ደቂቃ ተከራከሩ። በአርባ ደቂቃ ሆቴላቸው ደርሰው ሁለቴ ይታጠቡ ነበር። ግን ክብር በሳሙና አይለቅም፤ በሳሙናም አይመጣም። ልጅቷን ደግሞ አደንቃለሁ። ጠዋቱን ሙሉ ፈገግ ብላ ሰው ስትመልስ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷ አልጨለመም።

ውስጥ የገባ ሰውም ገባሁ ብሎ አይዘናጋ። ሹም ካለ የሹም ሹም አለ። ለንደን፣ ሂትሮው ተርሚናል 5፣ በብሪቲሽ ኤርዌይስ መድረሻ ላውንጅ ውስጥ ለፈርስት ክላስ መንገደኞች ለብቻ የቁርስ ክፍል ተሠርቶላቸዋል። ስሙ ኮንኮርድ። ኮንኮርድ አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ2003 ጡረታ ወጥቷል። ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም፣ ቁርስ ቤት ተቀጠረ። እንግዲህ አስቡት። ኢኮኖሚው ውጭ ሆኖ የቢዝነሱን በር ያያል። ቢዝነሱ እንቁላሉን ይዞ የፈርስቱን በር ያያል። የፈርስቱ ሰው ብቻ የሚያየው በር አጥቶ ሳህኑን ያያል። ምስኪን።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ተረቱን እንደ መንገደኛ በተግባር ያዋለው የለም። የቢዝነስ ክላስ ሹመት አጭር ነው። በር ላይ በስም ይጠሩሃል፣ ካፖርትህን ይቀበሉሃል፣ ከሁሉ በፊት ያስወርዱሃል። ከዚያ ጎማው መሬት ሲነካ ሽረቱ ይጀምራል። ሻንጣ መቀበያው ላይ ያው እንደ ሰው ቆመህ፣ ጥቁር ሻንጣ ከጥቁር ሻንጣ ስትለይ ትታያለህ። «ቅድሚያ» የሚል ወረቀት የታሰረበት ሻንጣህ ከማንም ኋላ ይመጣል። ከውጭ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ እዚያ ማይል አይሠራም። መድረሻ ላውንጅ እንግዲህ በሽረቱና በታክሲው ሰልፍ መካከል የተገኘች የመጨረሻ የሥልጣን ሰዓት ናት። እሷን እስከ መዝጊያው ድረስ አሟጥጦ የሚጠቀም ሰው በምን ይወቀሳል? በታሪክ ወንበሩን በፈቃዱ የለቀቀ ስንቱ ነው?

ትኬቱን መሥሪያ ቤቱ የቆረጠለት ደግሞ ድርብ ምስጋና ይገባዋል። የራሱን አንድ ሳንቲም ሳያወጣ «የከፈልኩበት መብቴ ነው» ለማለት የሚያስፈልገው ወኔ የዋዛ አይደለም።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጓደኛዬ ብቅ አለ። ሾፌሮቹ ሰዎቻቸውን ይዘው ሄደዋል። አበባዎቹም ሄደዋል። ፀጉሩ እርጥብ ነው። ሸሚዙ ተተኩሶ ስለት አውጥቷል። አቅፌ ስስመው ውድ ሳሙና ሸተተኝ።

«ውስጡን ብታየው!» አለኝ።

«ስብሰባ አለህ እንዴ?» አልኩት ሸሚዙን እያየሁ።

«የምን ስብሰባ? ቤት ሄጄ ልተኛ እንጂ።»

ለመተኛት ሸሚዝ ያስተኮሰ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። መኪና ማቆሚያው ማሽን ጋ ስንደርስ ትኬቴን አስገባሁ። ሂሳቡ ስክሪኑ ላይ ወጣ። እየቆጠርኩ ስከፍል እሱ አጠገቤ ቆሞ ስለ ላውንጁ ማውራቱን አላቆመም።

«ደግሞ ሁሉም ነገር ነፃ እኮ ነው» አለኝ።

ሻንጣውን ኋላ ጫንኩ። መሪው ጋ ገብቼ የጎኔን በር ከፈትኩለት። እሱ ግን የኋላውን በር ከፍቶ ገባ። እግሩን ዘረጋ። ወንበሩ ይዘረጋ እንደሆነ በጎኑ ዳሰስ ዳሰስ ሲያደርግ በመስተዋቱ አየሁት። ቁልፍ የለውም። ዝም አልኩ። መኪናውን አስነሳሁ።

ገና ከማቆሚያው ሳንወጣ ሚስቱ ደወለች።

«ምነው ቆያችሁ? ገላውን ይታጠብ ብዬ ውሃ ካሞቅሁለት ስንት ሰዓቴ። ቁርሱም ቀረበ። ደረሰ አይደል?»

ወደ መስተዋቱ አየሁ። ዓይኑን ጨፍኗል።

«ገና ነው» አልኳት።