የጎንደር ሰው ግንቡን የሚያውቀው ከአጥሩ ውጪ ነው

ሰሞኑን ስለ ከተማችን ቅርሶች በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንዲት መምህርት እጇን አወጣችና ጥሩ ሐሳብ አቀረበች። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ የጎንደር ታሪካዊ ቦታዎች ለነዋሪው በነፃ ይከፈቱ አለች። ፋሲል ግቢ፣ ራስ ግምብ፣ ቁስቋም፣ ሌላ ጊዜ ተቆልፈው የሚውሉት ክፍሎች ጭምር። መድረኩን የያዙት ሰውዬ ሐሳቡን ለመዝጋት ሦስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። «የጎንደር ሰው ግንቡን ያውቀዋል። ተወልዶ ያደገበት ነው። ምን አዲስ ነገር ያያል?» አሉ። ሕዝብ ሲበዛ ቅርስ ይጎዳል፣ ገቢም ይቀራል ብለው ጨመሩበት። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

እኔ ግን ቤቴ ገብቼም ሲከነክነኝ አደረ።

ያውቀዋል? የጎንደር ሰው የሚያውቀው አጥሩን ነው። 900 ሜትር የሚሆነውን የድንጋይ አጥር በባጃጅ ይዞረዋል። ዝናብ ሲመጣ ይጠጋበታል። ጃን ተከል ዋርካ ሥር ይቀጣጠራል። «ግንቡ ጋ ጠብቀኝ» ይላል። አድራሻ ማወቅና ቤት ማወቅ አንድ ሆነው ከተቆጠሩ፣ እኔም የከተማውን ባንክ ቤት ካዝና አውቀዋለሁ ማለት ነው።

አንዲት ጎረቤት አሉኝ። 63 ዓመታቸው ነው። ተወልደው ያደጉት ከአጥሩ ጥግ ነው። እንጀራ እየጋገሩ አምስት ልጆች አሳድገዋል። ባለፈው ጥቅምት ይዣቸው ገባሁ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን አጣፉ። ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ «ኧረ ይቅር እማማ፣ እዚህ አይወለቅም» ብዬ ያዝኳቸው። የፋሲልን ግንብ ደረጃ እያረፉ ወጡ። አንዳች ሳይናገሩ ወረዱ። የአንበሶቹ ቤት ጋ ስንደርስ ግን ቆሙ። «ለካ እዚህ ነበር!» አሉ። ልጅ ሆነው ሌሊት ሌሊት አንበሳው ሲያገሳ ይሰሙ ነበር። ብርድ ልብሱን ተከናንበው እናታቸው ብብት ሥር ይገቡ ነበር። ፍርግርጉን ይዘው ረጅም ሰዓት ወደ ውስጥ አዩ። ድምፁን በልጅነታቸው ሰምተው፣ ቤቱን ያዩት በ63 ዓመታቸው ነው።

ሰውዬው «ያውቀዋል» ያሉት እኚህን ሴት ነው።

እኚህ ሴት ብቻቸውን አይደሉም። በጎንደር መንገድ ላይ የምታገኙትን አሥር ሰው ጠይቁ። ፋሲልን ሁሉም ይነግራችኋል። ከተማዋን የመሠረተው ንጉሥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1636። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ይደበላለቃል። ልጁ አፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት እንዳሠሩ፣ የልጅ ልጁ ኢያሱ የራሳቸውን ቤተ መንግሥት እንዳቆሙ፣ የዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የበካፋ ግብር ቤት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ የትኛው እንደሆነ ስንቱ በጣቱ ያሳያል? ሁሉም «የፋሲል ግንብ» ነው። በዚህ ሰውን መውቀስ አይቻልም። ከውጪ የሚታየው የማማዎቹ ጫፍ ብቻ ነው። ውስጥ ገብቶ ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ወዲያው ይገባዋል። አባት የሠራውን ልጅ አላፈረሰም። ጎኑ ላይ የራሱን ሠራ። በዚህች አገር ይህ የተለመደ ነገር አይደለም። ልጆቻችን ይህን በዓይናቸው ማየት አለባቸው።

የኢያሱ ግንብ ጣሪያ የለውም። አንድ የሠፈሬ ሰው፣ የተማረ ሰው፣ «እርጅና ነው» ብሎኛል። እርጅና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያንን ከጎንደር ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውበታል። አያቶቻችን የኖሩበት ዘመን ነው። ይህን ግድግዳው ሥር ቆሞ የሰማ ልጅ አይረሳውም። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያነበበው ግን ከፈተናው ማግስት ይጠፋበታል። ራስ ግምብም እንዲሁ ነው። መሳፍንት ኖረውበታል፣ የጣሊያን ሹም ተቀምጦበታል፣ በደርግ ዘመን ሰው ታስሮ ተሰቃይቶበታል። ስንት የጎንደር ቤተሰብ በዚያ ቤት ያለቀሰበት ታሪክ አለው! እነሱን ነው «ምን አዲስ ነገር ያያሉ» የምንለው?

«ክፍያው ለአገር ሰው ትንሽ ነው» የሚሉም አሉ። ለአንድ ደመወዝተኛ ትንሽ ነው። አምስት ልጅ ላላት ቅዳሜ ገበያ ውላ ለምትገባ እናት ግን ቲኬቱ፣ ታክሲው፣ የቀረው የቀን ገቢ ተደምሮ የሳምንት ሽሮና በርበሬ ነው። ደግሞ ብሩ ብቻ አይደለም የሚያስቀረው። በሩ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ ቆሞ ሲታይ «ይሄ የእኛ ቦታ አይደለም» የሚል ስሜት ይመጣል። ይህን ስሜት የሚሰብረው በግልጽ መጠራት ነው። «ኑ፣ ዛሬ የእናንተ ቀን ነው» መባል።

ገቢ ይቀራል የተባለውማ ጭራሽ አይገባኝም። የጎንደር ነዋሪ በሌላ ጊዜ ቲኬት ቆርጦ አይገባም እያልን ነው። ያልነበረ ገቢ እንዴት ይቀራል? እንግዳው በእነዚያ ሁለት ቀናት እንደወትሮው ይክፈል። ማን ከለከለው?

ሕዝብ ቅርስ ይጎዳል ለሚለውም መልስ አለኝ። ግንቡን የጎዳው ቦምብ ነው። ዝናብና የዛፍ ሥር ነው። ጣሊያን የለጠፈበት ሲሚንቶ ነው፤ ኋላ በኖራ ለመተካት ስንት ልፋት ጠየቀ። የጎንደር ሕዝብማ በየዓመቱ ጥር ላይ በሺዎች ሆኖ የፋሲል መዋኛ ይወርዳል። ከቀሃ ወንዝ የተሞላው ውኃ ይባረካል፣ ወጣቱ ይዘላል፣ ታቦታቱ በእልልታ ይመለሳሉ። ሕዝቡ ስለሚወደው ነው ያ ቦታ ዛሬም በሕይወት ያለው። አንድ ነገር ግን አልክድም። በ2012 ጥምቀት የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ሰው ሞቶብናል። ስለዚህ ቁጥር ይወሰን፣ በተራ ይገባ፣ ደካማው ፎቅ ላይ አይወጣ። ይህ የአስተባባሪ ሥራ ነው። በር ለመዝጋት ሰበብ አይሆንም።

ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ነገር ከጀመረው 40 ዓመት አልፎታል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1984 ጀመረች። አሁን በየመስከረሙ ቅዳሜና እሁድ የፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ኤሊዜ ሳይቀር ለሕዝብ ይከፈታል። ሰው ተሰልፎ ይገባል። ድንጋዩም አልፈረሰም። የእኛስ? ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በቅርቡም ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ታድሷል። ለማን ነው የታደሰው?

ቀኑም አያስቸግርም። ሚያዝያ 10 የዓለም የቅርሶች ቀን ነው። ከዚያ ጋር የሚቀራረብ ቅዳሜና እሁድ ይመረጥ። ጾምና በዓል ካጋጠመ ይገፋ። ለቁስቋምና ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ከቤተ ክህነት ጋር መነጋገር ይበቃል። ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎችም ይጨመሩ፤ በየቀኑ ጉዳይ ልናስፈጽም የምንገባባቸው ናቸው፣ ታሪካቸውን ግን ማንም ነግሮን አያውቅም። ከተማው ጎበዝ አስጎብኚዎች አሉት። ሁለት ቀን ለአገራቸው ሰው በአማርኛ ቢያስጎበኙ ደስ እያላቸው ነው። አበላቸው ብቻ ይከፈላቸው።

ጎረቤቴ ከግቢው ስንወጣ ወደ ኋላ ዞረው አዩ። «ልጄ፣ ስንት ዓመት ባጠገቡ አልፌያለሁ!» አሉኝ። በማግስቱ ለማኅበራቸው ሴቶች አወሩላቸው። አሁን ሰባት ሆነው ሁልጊዜ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እኛንስ መቼ ነው?» ይሉኛል። ለሰባቱ የምከፍለው የለኝም። መድረኩ ላይ የነበሩት ሰውዬ ቀኑን ይንገሩኝና ልንገራቸው።