ገመዱ ሳይነቀል ርክክብ አይፈረም

የሰርቨርና የስቶሬጅ ግዥ ሰነዶቻችን «ሁለት» የሚለውን ቁጥር አብዝተው ይወዱታል። ሁለት ኮንትሮለር (የስቶሬጁ አንጎል)፣ ሁለት የፋይበር ስዊች፣ በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ሁለት የፋይበር ካርድ፣ ሁለት የኃይል ምንጭ። ዕቃው ሲመጣ ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ የመለያ ቁጥር ከሰነድ ጋር ይመሳከራል፣ መብራቶቹ አረንጓዴ መሆናቸው ይታያል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ይፈረማል። ከሁለቱ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ሥራውን ይረከብ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለዚያች ቅጽበት ሆኖ ሳለ፣ ቅጽበቷ ሳትሞከር ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

ከሙያው ራቅ ላለ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። በባንክ ወይም በትልቅ መሥሪያ ቤት ዳታ ሴንተር ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ሰርቨሮች መረጃውን በሆዳቸው ይዘው አይሠሩም። ዲስኮቹ ያሉት ሌላ ካቢኔት ውስጥ በተቀመጠ ስቶሬጅ ላይ ሲሆን፣ የሚገናኙትም በፋይበር ገመድና በስዊች ነው። ሰርቨሩ ሁለት ካርድ ካለውና በእያንዳንዱ ካርድ ሁለቱም ኮንትሮለሮች ከታዩት፣ ወደ አንድ ዲስክ የሚያደርሱ አራት መንገዶች ይኖራሉ። ሊነክስ የተባለው ስርዓተ ክወና በዚህ ረገድ የዋህ ነው፤ አራት መንገድ ሲያይ አራት ዲስክ ያገኘ ይመስለውና ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ፣ ኤስዲዲ፣ ኤስዲኢ ብሎ ይሰይማቸዋል። አራቱም አንድ መሆናቸውን ከዲስኩ መለያ ቁጥር አውቆ በአንድ ስም የሚጠቀልላቸው፣ አንዱ መንገድ ሲዘጋም ሥራውን ወደ ሌላው የሚያዞረው መልቲፓዝ የሚባለው ሶፍትዌር ነው።

ሶፍትዌሩን መጫን ከባድ አይደለም፤ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። በሬድ ሃት ሊነክስ ላይ ፓኬጁን አስገብቶ፣ የማዋቀሪያ ፋይሉን አዘጋጅቶ አገልግሎቱን ማስነሳት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ባለሙያው የአገልግሎቱን ሁኔታ ይጠይቃል፣ «እየሠራ ነው» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይመጣለታል፣ ወደ ቀጣዩ ሰርቨር ያልፋል። ነገር ግን የአገልግሎቱ መነሣት ሌላ፣ ዲስኩ በእርግጥ በአራቱም መንገድ መሥራቱ ሌላ ነው። ሰርቨሩ ሲነሣ ኤልቪኤም የተባለው የዲስክ አስተዳዳሪ ኤስዲቢን ቀድሞ ከያዘው፣ መልቲፓዝ ዘግይቶ ሲደርስ ዲስኩ በሌላ እጅ ገብቷል፤ ሊጠቀልለው አይችልም። ዳታቤዙ ይከፈታል፣ ደንበኛው ይስተናገዳል፣ ወር መጥቶ ወር ይሄዳል። አራት መንገድ ተገዝቶ ሥራው በሙሉ በአንዲት ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ይህን የሚያውቅም የለም። ይህ እንዳይሆን ኤልቪኤም ነጠላ መንገዶቹን እንዲዘላቸው መደረግ አለበት። ሰርቨሩ ራሱ የሚነሣው ከስቶሬጁ ላይ ከሆነ ደግሞ የማስነሻ ምስሉ (ሰርቨሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጫነው ፋይል) መልቲፓዝን አካትቶ እንደገና መሠራት ይኖርበታል። ሁለቱም በመመሪያው ውስጥ ተጽፈዋል፤ ሁለቱም ሰው ሲቸኩል የሚዘላቸው ናቸው።

እውነቱን የሚያወጣው ትእዛዝ «መልቲፓዝ» ብለው ሰረዝና ሁለት ኤል አስከትለው የሚጽፉት ነው። ጤናማ ሰርቨር ላይ ከላይ አንድ ስም ይወጣል፣ ኤምፓዝኤ እንበለው፤ ከጎኑ ረጅሙ መለያ ቁጥር፣ ከሥሩ የዲስኩ መጠን፣ ቀጥሎም ሁለት ቡድን። በብዙ ስቶሬጆች ላይ የመጀመሪያው ቡድን ቅድሚያ 50፣ ሁለተኛው 10 ተሰጥቶት ይታያል። 50 ያለው ዲስኩን በቀጥታ በያዘው ኮንትሮለር በኩል የሚሄደው ነው፤ 10 ያለው በባልደረባው በኩል ዞሮ የሚደርሰው ነው። በየቡድኑ ሥር ሁለት ሁለት መስመር ይኖራል፤ ሁሉም አክቲቭ፣ ሬዲ፣ ራኒንግ (ደህና ነኝ እንደማለት) ይላሉ። አሁን አንዱን ገመድ ከሰርቨሩ ንቀሉ። ከየቡድኑ አንድ አንድ መስመር ፌይልድ፣ ፎልቲ (ወድቋል፣ ተበላሽቷል) ይሆናል፤ በሌላ መስኮት እየተጻፈ የነበረ ፋይል ለጥቂት ሰከንዶች ቆም ይልና ይቀጥላል። ገመዱን መልሱና አራቱም መስመሮች እስኪመለሱ ጠብቁ። ቀጥሎ አንዱን ኮንትሮለር በሙሉ አጥፍታችሁ አስነሡ። እዚህ ላይ የሚዘነጋው መመለሱ ነው፤ የመመለሻ ደንቡ «በእጅ» ተብሎ ከተተወ፣ ኮንትሮለሩ ድኖ ከተመለሰ በኋላም ሥራው በዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚያ ሳምንት ሙሉ «ሲስተሙ ለምን ቀዘቀዘ?» እየተባለ የዳታቤዝ ባለሙያው ይወቀሳል።

ሌላው በሽታ የተገለበጠ ፋይል ነው። መልቲፓዝ የታወቁ አምራቾችን ስቶሬጆች የሚያውቅበት ሰንጠረዥ በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ለአብዛኛው ሥራ በእጅ መጻፍ የሚያስፈልገው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው ግን ከአሮጌ ሰርቨር ላይ ረጅም ፋይል አምጥቶ መለጠፍ ነው፤ ፋይሉ የተጻፈለት ስቶሬጅ ምናልባት ከአገልግሎት ከወጣ ቆይቷል። ከእነዚህ መስመሮች ሁሉ አደገኛው መንገድ በሙሉ ሲጠፋ ምን ይደረግ የሚለው ነው። «ወረፋ ይያዝ» ከተባለ፣ የሚጻፈውና የሚነበበው ሁሉ መንገድ እስኪመለስ ያለ ገደብ ይጠብቃል። ፕሮግራሙ ስሕተት አያሳይም፣ አይሞትም፣ በኃይል ልግደልህ ቢሉትም አይሰማም፤ ወረፋውን በትእዛዝ መሰረዝ የሚያውቅ ከሌለ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ብቻ ይቀራል። «12 ጊዜ ሞክር» ቢባልና መንገዱ መኖሩን የሚያየው ምርመራ በየ5 ሰከንዱ ቢሆን ግን፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ስሕተቱ ለፕሮግራሙ ይነገረዋል። ሥራውን ለሌላ ሰርቨር የሚያስረክብ ክላስተር ላይ ይህ ልዩነት ሁሉ ነገር ነው፤ የወደቀው ሰርቨር መውደቁን ካልተናገረ ተረካቢው ከየት ያውቃል? ይህ ምርጫ የሥራ ባለቤቱ ሊወያይበት የሚገባ ውሳኔ ነው። ሆኖም የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ፋይል ነው።

ከሞተ መንገድ ደግሞ የታመመ መንገድ ይከፋል። የፋይበሩ ጫፍ ላይ አቧራ ካለ፣ መንገዱ አለሁ የሚያሰኘውን ትንሹን ጥያቄ ይመልስና ትልቁን ጭነት ይጥላል። መልቲፓዝ ያወጣዋል፣ ምርመራው ደህና ነው ይላል፣ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይወድቃል። እንዲህ ዓይነቱን መንገድ ለይቶ ለጊዜው የሚያገል ማስተካከያ በአዳዲሶቹ እትሞች ውስጥ አለ፤ የሚጠቀምበት ጥቂት ነው። በሁለት ወደብ የተሠራን አንድ ካርድ «ሁለት መንገድ» ብሎ መቁጠርን፣ ሁለቱን ስዊቾች ከአንድ የኃይል ማከፋፈያ ላይ መሰካትን ባላነሣው ይሻላል።

«በሥራ ላይ ባለ ሲስተም ገመድ መንቀል እብደት ነው» የሚል መልስ ተደጋግሞ ይሰማል። ሲስተሙ ሥራ ሳይጀምር ይነቀል ነው የምለው፤ በኋላም በታወጀ የጥገና ሰዓት የስዊቹን ወደብ በትእዛዝ መዝጋት ይቻላል፤ ገመድ መንካት አያስፈልግም። ደግሞም ሙከራው ቀረ ማለት ጨርሶ አልተደረገም ማለት አይደለም። የስቶሬጅ ፈርምዌር (ዕቃው በውስጡ ይዞት የሚመጣው ሶፍትዌር) ሲታደስ ኮንትሮለሮቹ በየተራ ጠፍተው ይነሣሉ፤ የመጀመሪያው እውነተኛ ሙከራ ያን ሌሊት ይደረጋል ማለት ነው፣ ያውም የደንበኛ ሒሳብ ተጭኖበት። ፈርምዌራቸውን ለዓመታት ሳያድሱ የሚቆዩ ተቋማት ሰበባቸው «እየሠራ ያለን ነገር አትንካ» ነው። የሚፈሩት ግን ሞክረውት የማያውቁትን መልቲፓዝ ይመስለኛል። ጊዜ የለም የሚለውም ውሃ አያነሳም፤ ለአንድ ሰርቨር ሙከራው ግማሽ ቀን አይሞላም።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ልበል። ይህንኑ የመልቲፓዝ ሥራ የሚሠሩ፣ እንደ ፓወርፓዝ ያሉ በክፍያ የሚገኙ ሶፍትዌሮች አሉ፤ የተለያዩ ስርዓተ ክወናዎችን በአንድ ዓይነት መንገድ ለማስተዳደር ይመቻሉ፣ ችግር ሲመጣም ጥሪ የሚቀበል አምራች አለ። ይሁን እንጂ ሊነክስ የራሱ መልቲፓዝ አለው፤ ዊንዶውስ ሰርቨርም ከ2008 እትም ጀምሮ ኤምፒአይኦ የተባለውን የራሱን መልቲፓዝ በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ምናባዊ ሰርቨሮችን የሚያሠራው ቪኤምዌርም የራሱ አለው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚታደስ ፈቃድ በብር ስንት እንደሚሆን የፋይናንስ ክፍሎቻችን አሳምረው ያውቁታል። የሚከፈልበት ይገዛ ከተባለ፣ ነጻው ምን እንደጎደለው በሰነዱ ላይ ተጽፎ ይገዛ። ያልተሞከረ ሶፍትዌር በነጻም ተገኘ በዶላር ተገዛ፣ ገመዱ በተበጠሰ ቀን የሚሆነው አንድ ነው።

ስለዚህ የጨረታ ሰነዱ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ። ከእያንዳንዱ ሰርቨር አንድ አንድ ገመድ፣ ከዚያ አንድ ስዊች፣ ከዚያ አንድ ኮንትሮለር በየተራ ይጥፋ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ያለማቋረጥ የሚጽፍ ፕሮግራም ይሩጥ፤ ስንት ሰከንድ እንደቆመና የጠፋው ሲመለስ መንገዶቹ ሁሉ መመለሳቸው ይመዝገብ። መንገዶቹን የሚያሳየው የመልቲፓዝ ትእዛዝ ውጤት ከሙከራው በፊት፣ በሙከራው ጊዜና ከሙከራው በኋላ ታትሞ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ፤ የመጨረሻው ክፍያም ከዚህ ወረቀት ጋር ይታሰር። ሙከራውን አልፈቅድም የሚል አቅራቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ።