እርማት፦ የቆየ ንቅሳት በነጭ ቀለም አይሸፈንም

በደብረ ማርቆስ የምትኖር አንዲት እህት በክንዷ ላይ ተከታታይ ንቅሳቶችን ለማሠራት አቅዳ፣ በልጅነቷ በጥላሸት የተነቀሰችውን መስቀል ምን ላድርገው ብላ ስትጠይቅ፣ «ነጭ ቀለም ደርቦ መነቀስ ይበቃል» የሚል መልስ ተሰጥቷታል። ይህ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው። የንቅሳት ቀለም ግድግዳ ላይ እንደሚቀባ ኖራ አሮጌውን አይሸፍንም፤ መርፌው ቀለሙን ከላይኛው የቆዳ ሽፋን በታች ወዳለው ክፍል ስለሚያስገባው፣ አዲሱና አሮጌው እዚያው አብረው ይቀመጣሉ፤ ጥቁሩም በነጩ ውስጥ አልፎ ይታያል። አያቴ አንገቷን ዙሪያውን በድርብ መስመር ተነቅሳ ነበር፤ ጥላሸቱ ከዘመናት በኋላ ወደ ሰማያዊ አድልቶ፣ የመስመሮቹም ጠርዝ ተስፋፍቶ ሊገናኝ ምንም ባይቀረው፣ እስከ መጨረሻዋ ድረስ አልጠፋም።

መሸፈን የሚቻለው ከቀድሞው በሚሰፋና በሚጠቁር ንድፍ ነው፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሥዕል ከተፈለገ ግን አስቀድሞ አሮጌውን በሌዘር፣ ያውም በተደጋጋሚ ቀጠሮ፣ ማደብዘዝ ያስፈልጋል። የንቅሳት ባለሙያ ሲመረጥም፣ ቀድሞ የነቀሳቸው ሰዎች በተነቀሱበት ዕለት የተነሣ ፎቶግራፍ አያሳምንም፣ ትኩስ ቀለም ሁልጊዜ ደማቅ ነውና፤ ቁስሉ ድኖ ከወራት በኋላ የተነሣውን መጠየቅ ይገባል። በእኔ አስተያየት ግን መስቀሉን ሳይነኩ ሌሎቹን ሥዕሎች በዙሪያው ማቀድ ይሻላል።