ሥዕሉ ከሐዋሳ፣ ቲሸርቱ ከሰሜን ካሮላይና

ውጭ አገር የሚኖር ሰው ዲዛይኑን ቲሸርት ላይ አሳትሞ ሊሸጥ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ገዢ የሚበዛው የት ነው?» ብሎ ነው። ሐዋሳ ተቀምጦ ያንኑ የሚያስብ ወጣት ግን ነገሩን ከጫፉ መያዝ አለበት፦ የተሸጠበት ገንዘብ እጄ የሚደርሰው በየት በኩል ነው? በየቦታው የሚሰራጨው ምክር ሁሉ የተዘጋጀው የባንክ አካውንቱ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላለ ሰው ነው። አገር ቤት ያለው ሰው ያንን ምክር ተከትሎ አርባ ዲዛይን ከጫነ በኋላ ክፍያ መቀበያው ገጽ ላይ የአገሩን ስም ያጣዋል።

ፕሪንት ኦን ዲማንድ ማለት በትዕዛዝ ማተም ነው። ዲዛይኑ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፤ ገዢ ሲያዝ አንድ ቲሸርት ይታተማል፤ ከማተሚያ ቤቱ በቀጥታ ይላክለታል። አገር ቤት የለመድነው ሌላ ነው። ለምረቃ ወይም ለሠርግ ቲሸርት ሲታዘዝ ስክሪን ፕሪንት ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን ፍሬም ይፈልጋል። ስለዚህ አታሚው ለአንድ ፍሬ አይነሳም፤ ቀብድ ይቀበላል፤ ያልተሸጠው ቲሸርት ባለቤቱ እጅ ይቀራል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ ልብስ እየተሰፋበት ወደ ውጭ ሲላክ፣ በ2022 መግቢያ ላይ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ከአጎዋ ስትወጣ ጉዳቱ መጀመሪያ የተሰማው እዚያ በሚሠሩት ሴቶች ላይ ነው። ፋይል ኮንቴይነርም ጉምሩክም አያስፈልገውም። ለዚህ ነው ነገሩ ለአገር ቤት ሠዓሊ ቁም ነገር የሚሆነው።

ገበያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። እንደ ሬድበብል፣ ቲፐብሊክና የአማዞን መርች ያሉት ማተሙንም፣ መሸጡንም፣ መላኩንም ራሳቸው ይዘው ለሠዓሊው ድርሻ ይሰጣሉ። ሁለተኛው ሱቅን ከማተሚያ ጋር ማገናኘት ነው፦ ሱቁ ኤትሲ ላይ ይከፈታል፣ ማተሙን ፕሪንትፉል ወይም ፕሪንቲፋይ ይሠራል። ሁለተኛው ብዙ ትርፍ ያስቀራል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ ኤትሲ ክፍያ ከሚያስተናግድባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። የካርድ ክፍያ የሚያስተናግደው ስትራይፕም እንዲሁ ኢትዮጵያን አያካትትም። ከሐዋሳ ለሚጀምር ሰው ሊሠራ የሚችለው ቲፐብሊክን የመሰለ፣ ፔዮኒር በተባለው ዓለም አቀፍ የክፍያ አስተላላፊ በኩል የሚከፍል ገበያ ነው። ኢሜይል አስገብቶ ከመመዝገብ በፊት የክፍያውን ገጽ መክፈት፣ የአገርን ስም መፈለግ፣ ዝቅተኛውን የማውጫ መጠን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የአማዞን መርች ጥያቄ አቅርቦ ተራ መጠበቅን ይጠይቃል። ከተፈቀደም በኋላ በ10 ዲዛይን ብቻ ያስጀምራል፤ ሲሸጥ ቁጥሩ ይጨምራል። እዚያ ግብርም አለ። የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ደብሊው ኤይት ቤን የተባለውን ቅጽ ይሞላል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ከሚገኘው ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሠዓሊው ድርሻ፣ 30 በመቶ ይቀነሳል። 5 ዶላር ድርሻ 3.50 ሆኖ ይገባል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲታይ ብዙዎች ወደ አንድ መፍትሔ ይሄዳሉ፦ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ወይም ዳላስ ያለው አጎቴ በስሙ ይክፈትልኝ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፤ ሸክሙ አገር ቤት ሆኖ አይታይምና። አሜሪካ ውስጥ ከ10 ዶላር ጀምሮ ያለ ሮያሊቲ በ1099 ቅጽ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይገለጻል። ሱቁ በስሟ ከሆነና የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ እህት ከመደበኛው የገቢ ግብር ሌላ 15.3 በመቶ የግል ሠራተኛ ግብር ይመጣባታል። በገቢዋ ልክ የሕክምና ድጎማ የምታገኝ ከሆነች ያ ገንዘብ የእሷ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል። «ትንሽ ብር ናት፣ ዝም ብለሽ ላኪልኝ» የተባለችው እህት በሚያዝያ ግብር ስታስታውቅ ነው የሚገባት። በዚያ ላይ ባለቤቱ ሜሪላንድ፣ መግቢያው ከሐዋሳ የሆነ አካውንት ለማጣራት ሊታገድ ይችላል፤ ገንዘቡም እስኪጣራ አብሮ ይቆያል። የተሻለው መንገድ እህት የሱቁ እውነተኛ ባለቤት መሆኗ ነው። እሷ ታስተዳድር፤ ወንድም ዲዛይኑን ያቅርብ፤ ግብሩ ከማን ድርሻ እንደሚነሳ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይፈረምበት። ዘመድ ከዘመድ መፈራረም ያሳፍራል ይባላል፤ ሳይፈራረሙ ተቀያይሞ መቅረት ግን ይብሳል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። እህት በከፈተችው የኤትሲ ሱቅ በ25 ዶላር፣ መላኪያው ውስጡ ተካቶ የተሸጠ ቲሸርት ይሁን፤ ማተሚያና መላኪያ 15.75 ዶላር ይውሰድ እንበል። የገበያው 6.5 በመቶ 1.63 ነው። የክፍያ ማስተላለፊያው 3 በመቶና 25 ሳንቲም 1 ዶላር ይሆናል። መለጠፊያው 20 ሳንቲም ነው፤ ይህ በየአራት ወሩ ወይም ሲሸጥ እንደገና ይከፈላል። የሚቀረው 6.42 ነው። ገዢው የመጣው ኤትሲ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ካስነገረው ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ 15 በመቶ፣ ማለትም 3.75 ይነሳል፤ 2.67 ይቀራል። የዓመት ሽያጩ ከ10,000 ዶላር በታች የሆነ ሱቅ ይህን ማስታወቂያ ማጥፋት ይችላል፤ ሲከፈት ግን በርቶ ነው የሚጠብቀው።

ሬድበብል ላይ ሠዓሊው በመነሻው ዋጋ ላይ የራሱን ጭማሪ ያደርጋል፤ ዝም ከተባለ 20 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ግን መደበኛ ደረጃ ላይ ካለ አካውንት ወርኃዊ ክፍያ ከትርፉ ይቆረጣል። አዲስ የተመዘገበ ሠዓሊ የሚመደበው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

አሁን ወደ ፊደላችን። የአማዞን መርች ለቲሸርት የሚቀበለው ልክ 4500 በ5400 ፒክስል፣ ጀርባው ግልጽ የሆነ ፒኤንጂ ነው፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 15 በ18 ኢንች ይሆናል። ለዚህ ልክ የተሠራ ፋይል ለሌሎቹም ቲሸርቶች ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፊደሉን በገበያው የራሱ መሣሪያ መጻፍ አይመከርም፤ ግዕዝ ፎንት ከሌለው ባዶ ሳጥን ይወጣል። በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም በአቢሲኒካ ጽፎ ፊደሉን ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ መቀየር ይሻላል፤ የሁለቱም ፈቃድ ለንግድ ክፍት ነው። ቀጭን መስመርን ከአንድ ሚሊሜትር በታች አለማውረድ ጥሩ ነው፤ የ«ቄ» እና የ«ኬ» ቀለበት በቀለም ተደፍኖ ነጠብጣብ ይሆናልና። ጥቁር ቲሸርት ላይ ከቀለሙ ሥር ነጭ መደብ ይረጫል። ግማሽ ግልጽ የሆነ ጥላ ወይም የሚደበዝዝ ጠርዝ ካለ ያ ነጭ ብቅ ብሎ ሥዕሉን ያቆሽሸዋል። ጠርዙን ደረቅ ማድረግ ወይም ጥላውን በነጠብጣብ መሥራት መድኃኒቱ ነው።

ስምም ይታሰብበት። ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የኢትዮጵያ የቡና የንግድ ምልክቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰባቸው። ምዝገባው ለቡና ይሁን እንጂ የገበያዎቹ ማጣሪያ ስሙን አይቶ ዲዛይኑን ሊያወርደው ይችላል። ከመጫን በፊት የአሜሪካን የንግድ ምልክት መዝገብ በነፃ መፈለግ ይቻላል።

ፍቼ ጨምበላላን ለሚስል አንድ ነገር ልጨምር። ቀኑን ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው ስለሚያስታውቁ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ማተምና መላክ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ዲዛይኑ ላይ ቀን አይጻፍ፤ ዓመትም ቢሆን ባይገባ ይመረጣል፣ ከበዓሉ በኋላም ይሸጣልና። አሜሪካ ያለ ገዢ የሚፈልገው በእንግሊዝኛ ሆሄ እየጻፈ ነው፤ ስለዚህ ኤትሲ ከሚፈቅዳቸው 13 መፈለጊያ ቃላት አብዛኞቹ በዚያ ይሁኑ። ማተሚያውም ገዢው ባለበት አገር ያለ ይመረጥ፤ አሜሪካ ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ 800 ዶላር ያልሞላ ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበትን በር ዘግታለች።

ናሙናው ግን የግድ ነው። ሐዋሳ ድረስ ማስመጣት ዋጋው ስለማይቀመስ ውጭ ወዳለ ዘመድ ይላክ፤ ፎቶው በቀን ብርሃን፣ አንዱ ከመታጠቡ በፊት፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ይነሳ። ከሁለተኛው ፎቶ በፊት ሱቁ አይከፈት።