ከመቶ 91 ከግማሽ፣ ከነአመዱ

ይህች አገር ቀማሽ አጥታ አታውቅም። ለጠጁም ለጠላውም ቀማሽ አላት። ለቡናው እንኳ ማንኪያ ይዞ ፉት እያለ የሚተፋ ባለሙያ አላት። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለን ነበር፤ እሱም ሰሞኑን ተሟላ። ሶፋ ላይ ተንጋለው ለአንድ ጥቁር ሲጋር ከመቶ ነጥብ የሚሰጡ ዳኞች አገኘን። እልል በሉ!

መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ቦሌ አካባቢ መስኮቱ የማይከፈት ላውንጅ የገባ ሰው ሳያያቸው አይወጣም። አምስት ሆነው ክብ ይሠራሉ። አንዱ መቁረጫ ይዟል። አንዱ ሲለኮስ የብየዳ ቤት ድምፅ የሚያወጣ ላይተር ይዟል። ሌላው ስልኩ ላይ ሠንጠረዥ ከፍቷል፦ አሳሳብ፣ አነዳደድ፣ ቃና፣ የአመድ ጥንካሬ። እኔ ባለፈው ሳምንት ሰው ቀጥሬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የቀጠርኩት ሰው ቀረ። እኔ ግን የቀረብኝ ነገር የለም።

ሲጋሩ ማዱሮ የሚባለው ነው፤ ላዩን የሸፈነው ቅጠል ጥቁር ቡናማ ሆኖ ቅባት ቢጤ የሚያብረቀርቅ። ቅጠሉን እዚህ መልክ ላይ ማድረስ በእውነት ቀላል ሥራ አይደለም። እንደ ኮነቲከት ብሮድሊፍ ወይም እንደ ሜክሲኮው ሳን አንድሬስ ያለ ወፈር ያለ ቅጠል ይመረጣል። ተከምሮ በራሱ ሙቀት ለወራት ይብላላል። ክምሩ ሲግል ይገለበጣል፣ አሞኒያው ይወጣለታል፣ ቅጠሉ እየጠቆረ ጣፈጥ ይላል። ትዕግሥት ያጣ አምራች ደግሞ በእንፋሎት ይቀቅለዋል፤ ቀለም የሚቀባም አይጠፋም።

ዳኞቻችን በዚህ ሁሉ አይደክሙም። አንደኛው ሲጋሩን መብራት ላይ አገላብጦ አየና «ጥቁር ነው፤ ስለዚህ ኃይለኛ ነው» አለ። አራቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሲጋር ኃይል በአብዛኛው ያለው ውስጡ በተሞላው ቅጠል፣ በተለይም ከተክሉ ጫፍ በሚለቀመው ሊጌሮ ውስጥ ነው ብሎ ማን ደፍሮ ይንገራቸው? እንደዚህ ዓይነት እውቀት ጨዋታ ያበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ዳኛ ልምጣ። የዚህን ሰው አፍንጫ እንዴት አድርጌ እንደማመሰግን አላውቅም።

አንዴ ሳበና ዓይኑን ጨፈነ። «ቡና» አለ። «በደንብ የተቆላ ቡና።» እውነቱን ነው። ከጀርባው፣ ሦስት ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ባህር ማዶ ለሚኖሩ እንግዶች ተብላ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ቡና እየቆላች ነበር። እንዲያውም ምጣዱን ይዛ ጭሱን ልታሸታቸው በአጠገቡ አለፈች። እሱ አላያትም፤ ዓይኑን ጨፍኗላ። አራቱም ተሽቀዳድመው ሳቡ። «ቡና! አዎ፣ ቡና!» ሠንጠረዡ ላይ ቡና ገባ።

ሁለተኛ ሳበ። «መጨረሻው ላይ… ዕጣን ነገር። ደስ የሚል፣ የቤተ ክርስቲያን ዓይነት።» ልጅቷ ረከቦቱ አጠገብ ባለው ማጨሻ ላይ ዕጣን ከጨመረች ሁለት ደቂቃ አልሞላትም። ዕጣንም ተመዘገበ።

ሦስተኛ። «ቆዳ። የፈረስ ኮርቻ።» የተደገፈው ሶፋ ገና ላስቲኩ ከእግሩ ያልወለቀ አዲስ የቆዳ ሶፋ ነው። ኮርቻ ላይ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ጭራሽ ጎኑ ያለው ሰውዬ «ያረጀ ኮርቻ ነው፣ አዲስ አይደለም» ብሎ አረመው። ሁለቱ በዚህ ተከራከሩ። በመጨረሻ በሽማግሌ «መካከለኛ ዕድሜ ያለው ኮርቻ» ተብሎ ታረቁ።

አራተኛ፦ ጥቁር ቸኮሌት። ኬኩ ፊቱ ተቀምጧል፣ ግማሹ ተበልቷል፣ ክሬሙ ጢሙ ላይ አለ። አምስተኛ፦ ከዝናብ በኋላ ያለ እርጥብ አፈር። አስተናጋጁ ጥግ ላይ ያሉትን አበቦች ውሃ አጠጥቶ ማጠጫውን ሊመልስ እየሄደ ነበር። እስካሁን ዝም ያለው ታናሹ ዳኛ ድርሻውን ሊወጣ ፈልጎ «እኔን ደግሞ ትንሽ ሎሚ ሎሚ አለኝ» አለ። ጎረቤት ጠረጴዛ በሎሚ ሽታ ሳሙና እየተወለወለ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የላውንጁ ንብረት በሙሉ ተቆጥሮ አለቀ። ኦዲተር ቢመጣ እንዲህ አይዘልቀውም። የትምባሆ ጣዕም አለው ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ስለ አመዱም ዝም ማለት ግፍ ነው። አመድ ሳይራገፍ እንዲረዝም መተው የጥራት ምልክት ነው ብለዋል። ዋናው ዳኛ ጣት የሚያህል አመድ ተሸክሞ እንደ ታቦት ተሸካሚ በዝግታ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሳቀ። አመዱ ነጭ ሸሚዙ ላይ ተዘረገፈ። የአመድ ጥንካሬ፣ ከአሥር 8።

ታናሹ ዳኛ በዚህ መሀል ፊቱ ነጥቶ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሳያስለምድ ባዶ ሆዱን ሲጋር የሳበ ሰው ኒኮቲን እንዲህ ያደርገዋል። ስኳር ያለው ነገር አምጡለት ተባለ። ለስላሳውን እንደያዘ፣ ዓይኑ እየዞረ፣ «94» አለ። ጀግና ነው።

ነጥቡ ራሱ ሌላ ተአምር ነው። ከመቶ ነው ይባላል እንጂ ከ85 በታች ያለው ቁጥር ለጌጥ ነው የተቀመጠው። ሥራዬ ብለው የሚቀምሱ ሰዎች የአምራቹን ስም የያዘውን ወረቀት ቀለበት አንስተው፣ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ይቀምሳሉ። የእኛዎቹ ቀለበቱን በስልክ አጉልተው አነበቡት። መጀመሪያ 88 ነበር ያሉት። ከዚያ አንዱ አስተናጋጁን ዋጋውን ጠየቀው። አስተናጋጁ ነገራቸው። ለአፍታ ጸጥ አሉ። ከዚያ ሁሉም እንደገና ሳቡ፤ ሲጋሩም በአንድ ጊዜ «ተከፈተ»፤ ቃናው ወጣ ማለታቸው ነው። አማካዩ 91 ከግማሽ መጣ።

አንድ ነገር ግን አላስቀኝም። ሲጨርሱ አካባቢ ዋናው ዳኛ ወደ ቡና አፍይዋ ዞሮ «እህት፣ ያንን ዕጣን ወዲያ አርጊው፤ ጭሱ ቃናውን ያበላሽብናል» አላት። ጭሱ! ልጅቷ አምስት ሲጋር በሚጨስበት ዝግ ክፍል ከጠዋት ጀምራ ቆማለች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና እየሳለች ነበር። ማጨሻውን አንስታ ወጣች፤ ሰው አዘዛታ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የቤት ውስጥ የሥራ ቦታና ሕዝብ የሚገለገልበት ዝግ ቦታ ላይ ማጨስን ከልክሏል። ከበርና ከመስኮትም 10 ሜትር ራቁ ይላል። ስለ ሳን አንድሬስ ቅጠል በይነመረብ ሲያገላብጥ የሚያድር ሰው ይህን ማንበብ እንዴት ያቅተዋል? አላቃተውም። ልጅቷ ስለማትከሰው ነው። ለደሞዟ ስትል የሰው ጭስ ትውጣለች፤ እሱ ደግሞ ኮርቻ ይቀምሳል። ይህ ባለጌነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በትምባሆ ቀልድ አያውቁም ነበር። የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ ደግሞ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር ይባላል። ዳኞቻችን ጭሱን በአፍ ስበው፣ ቃናው ይበልጥ ይወጣል ብለው በአፍንጫ ይለቁታል። ንጉሡ ቢያገኟቸው ከየቱ እንደሚጀምሩ ግራ ይገባቸው ነበር።

በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ዙር አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔም በአድናቂነቴ አንድ ሐሳብ ላዋጣ። ቀለበቱን ንቀሉት፣ ዋጋውን አትጠይቁ፣ ኬኩን ቀድማችሁ ጨርሱ። ከዚያ ሲጋራችሁን ይዛችሁ ከበሩ 10 ሜትር ራቁና ውጭ ቁሙ። ክረምት ስለሆነ እርጥብ አፈሩን ያለ ክፍያ ታገኙታላችሁ። ፈረስም ቢሆን ጋሪ የሚጎትት አንዱ አያልፍም አይባልም፤ ኮርቻ ባይኖረው እንኳ ከኋላው ሌላ ቃና አያጣም።